ኢንፎርም 7፣ ታድስ 3 ወይስ የራስ ፓርሰር? ለጽሑፍ ጌም የቱ ይሻላል

ተጫዋቹ ትእዛዝ እየጻፈ የሚጫወተውን የጽሑፍ ጌም ለመሥራት የሚያገለግሉት ኢንፎርም 7ም ታድስ 3ም በነፃ ይገኛሉ። የምታወጡት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሳትጀምሩ አንድ ነገር እዩ፤ ተጫዋቹ የጻፈው ቃል ለሁለት ዕቃ ሲገጥም ፓርሰሩ፣ ማለትም የተጫዋቹን ጽሑፍ አንብቦ ወደ ትእዛዝ የሚለውጠው የጌሙ ክፍል፣ ምን ያደርጋል?

ክፍሉ ውስጥ ወርቅ አለ፤ ወርቅ ቀለበትም አለ እንበል። ተጫዋቹ «ወርቅ ውሰድ» ብሎ ጻፈ።

ኢንፎርም 7 ለጀማሪ ይመቻል። ለዕቃው ስም ስትሰጡ የስሙን ቃላት በሙሉ ራሱ ይመዘግባል። ሌላ መጠሪያ መጨመርም የአንድ ዓረፍተ ነገር ሥራ ነው። ክፋቱ ቃላቱን ሁሉ እኩል ያያል፤ ቅጽልና ስም አይለይም። ስለዚህ «የቱን? ወርቁን ወይስ ወርቅ ቀለበቱን?» ይላል። «ወርቅ» ብላችሁ ስትመልሱ ያንኑ ጥያቄ ይደግማል። ያናድዳል! መውጫው ተጫዋቹ የትኛውን ሊል እንደሚችል የሚገምት ደንብ መጻፍ ነው። ለአምስት ዕቃ ቀላል ነው። ተመሳሳይ ዕቃ በበዛ ቁጥር ግን ደንቡም ይበዛል።

እዚህ ላይ ታድስ 3 ይበልጣል። ቃላቱን የምትጽፉለት ቅጽሉን ከስሙ ለይታችሁ ነው። «ወርቅ» ብቻ ከተባለ ቀለበቱን ትቶ ወርቁን ያነሳል። ከዚህም በላይ ድርጊቱን ከመፈጸሙ በፊት «ይህ ያስኬዳል?» ብሎ ይመረምራል። ሁለት በር ኖሮ አንዱ ክፍት ከሆነ፣ «በር ክፈት» ሲባል ሳይጠይቅ ወደ ተዘጋው ይሄዳል። ቁልፍና በር የሞላበት ጌም የሚሠራ ሰው ሌላ ባይፈልግ ይሻለዋል። ግን ኮዱ ሲ እና ጃቫ የተባሉት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ዓይነት ነው፤ ፕሮግራሚንግ ለማያውቅ ይከብዳል።

ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የራስን ፓርሰር መጻፍስ? ለእንግሊዝኛ ጌም ከሆነ፣ ለመማር ካልሆነ በቀር ድካም ነው። ለአማርኛ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የኢንፎርም 7ም የታድስ 3ም መደበኛ ላይብረሪ (አብሮ የሚመጣው ዝግጁ ኮድ) ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። ተጫዋቹ «ቁልፉን ውሰድ» ይላል፣ እናንተ የመዘገባችሁት «ቁልፍ» ነው። «ን»ን ብትቆርጡም «ቁልፉ» ይቀራል፤ አሁንም አይገጥምም። ደግነቱ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት) የአንድ ፊደል ዘሮች በስምንት በስምንት ተደርድረዋል። የ«ፉ»ንና የ«ፍ»ን ኮድ ለ8 አካፍላችሁ ቀሪውን ብትጥሉ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። ይህን ግን በመጨረሻው ፊደል ላይ ብቻ አድርጉት። ቃሉን በሙሉ ካደረጋችሁት «ቤት» እና «ባት» አንድ ይሆኑባችኋል። እንደ «ሻማውን» ያሉት ደግሞ «ውን»ን የሚቆርጥ ሌላ መስመር ይፈልጋሉ።