ፍራፍሬ ለማይወድ ሰው፦ ደሴ ፒያሳ ያለችው ጁስ ቤት

ፍራፍሬ አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። የፓፓያ ሽታ ያጥወለውለኛል፣ የማንጎ ክር ጥርሴ መሀል ይቀረቀራል፣ ሙዝም በደንብ ከበሰለ አፌ ውስጥ ይዝለገለግብኛል። እናቴ ግን ከመርሳ የመጣ ፓፓያ ካየች ሳትገዛ አታልፍም፤ ቆርጣ ሰሃን ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ እንደሚል ሳነብ ነው የምር የደነገጥኩት። እኔ በሳምንትም አልሞላውም ነበር።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ጁስ ቤት አለች። ሁለት ወር ሙሉ ተመላልሼባታለሁ፣ አንዴ ቀምሼ አይደለም የምጽፈው።

እንደኔ ከሆናችሁ በአቮካዶ ጀምሩ። አይሸትም፣ ብዙም አይጣፍጥም፣ ሎሚ ሲጨመቅበት ደግሞ ምግብ ምግብ ይላል፤ ወፍራም ስለሆነ በማንኪያ ነው የሚበላው። ቀጥሎ ስፕሪስ። እኔ ከታች አቮካዶ በዛ አድርጋ፣ መሀል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ በጣም ትንሽ እንድታደርግልኝ ጁስ የምትሠራዋን ልጅ ለመንኳት፣ ከዛ በየሳምንቱ ፓፓያውን ጨመር እያስደረግኩ ሄድኩ። ልጅቷ አልሰለቸችም። «አብሽር፣ ትለምደዋለህ» ትለኛለች። ዘይቱኑንም ፍሬው እንዳያስቸግረኝ በወንፊት አጥልላ ነው የምትሰጠኝ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ስኳሩ። ሳትጠይቋቸው ስኳር ይጨምራሉ፣ ላዩ ላይ ቪምቶም ያፈሱበታል። ማንጎ ራሱ ጣፋጭ ነው፣ ምን ስኳር ያስፈልገዋል? ገና ስታዙ «ያለ ስኳር፣ ያለ ቪምቶ» በሉ። ደግሞ ጁስ ፍሬውን እንደመብላት አይሆንም፤ ሲጠለል ብዙው አሰር ወንፊቱ ላይ ይቀራል፣ የጭማቂውን ስኳርም የዓለም ጤና ድርጅት ቀንሱ ከሚላቸው ስኳሮች ጋር ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ እኔ ቤቷን ለመልመጃ ነው የያዝኳት።

መልመጃውም ሠራ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ መፍጫው ቆመ። ልሄድ ስነሳ ልጅቷ ቀዝቃዛ ፓፓያ በሰሃን ከትፋ፣ ሎሚ ጨምቃበት አመጣችልኝ። ሽታውን ሎሚው አጠፋው። ጨረስኩት! ማታ ቤት ገብቼ የእናቴን ሰሃን ሳብ አድርጌ ሎሚ ስጨምቅበት ዝም ብላ አየችኝ፣ ከዛ ሌላ ፓፓያ ልትቆርጥ ተነሳች።

ዋጋው ከሁለት ማኪያቶ ብዙም አይርቅም፣ ብርጭቆው ትልቅ ስለሆነ አይቆጭም። ወንበር ግን ጥቂት ነው። ረመዳን ላይ ከአሥር ሰዓት በኋላ ለማፍጠሪያ የሚወስደው ሰው ብዙ ስለሆነ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ጠዋት ሂዱ፣ ጥሩ ጥሩው ፓፓያ ከምሳ በፊት ያልቃል።