ደሴ ላይ የምርምር ጽሑፍ ለጆርናል ለምታዘጋጁ፦ ይቺን ልጅ እወቋት

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፤ ደሴ ነው የምሠራው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን የአእምሮ ሕመም ያለበትን ዘመድ ቤት ውስጥ በሚያስታምሙ ሰዎች ላይ ጥናት ሠርተን ነበር። ታማሚውን ሁሉም ያየዋል፤ አስታማሚውንስ ማን ያየዋል? ነገራችን ይኸው ነው። ዳታው ተሰበሰበ፣ ትንታኔው አለቀ፣ ሪፖርቱም ተጻፈ። ከዚያ እንደ ብዙው ያገራችን ጥናት ፍላሽ ውስጥ ገብቶ ተኛ።

ከተኛበት የቀሰቀሰችው አንዲት ልጅ ናት። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ክፍል አላት። ከውጭ ለሚያያት ተራ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ናት። ውስጥ ግን የጤና ምርምር ጽሑፎችን አንብባ እንግሊዝኛውን ታቃናለች፣ በጆርናሉ ሕግ ታሰናዳለች፣ ሰብሚት እስኪደረግ (ለጆርናሉ እስኪላክ) ድረስ አብራ ትቀመጣለች። ስሜ አይጻፍ ስላለችኝ አልጽፈውም።

ሥራዋን ለማወቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ አትማ አወጣችና ካልኩሌተር አነሳች። ጾታ ደመረች፤ ልክ መጣ። ዕድሜ ደመረች፤ ልክ መጣ። የጋብቻ ሁኔታ ላይ ስትደርስ 3 ሰው ጎደለ።

«ጋሼ፣ እነዚህ 3 ሰዎች የት ሄዱ?»

የትም አልሄዱም። የጋብቻ ነገራቸውን መናገር አልፈለጉም፤ እኛም አላስገደድናቸውም። እሷ ግን አለቀቀችኝም። መልስ ያልሰጡ ሰዎች ቁጥር በግልጽ መቀመጥ አለበት፣ ትንታኔው ላይ ምን እንደተደረገም መጻፍ አለበት አለች። ስትሮብ የሚባለውን ቼክሊስት ከፍታ ቦታውን አሳየችኝ። 22 ነጥብ ያለው፣ እንደኛ ላለ ጥናት ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዝርዝር ነው። ብዙ ጆርናል ከነገጽ ቁጥሩ ተሞልቶ አብሮ እንዲላክ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን የምንሞላው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለወጉ ያህል። እሷ ከመጀመሪያው ጀምራ ጽሑፉን በሱ ታበጥራለች።

የገረመኝ ግን ሌላው ጥያቄዋ ነው። የድብርት ምልክቶችን የለካነው በፒኤችኪው 9 ነው። 9 ጥያቄ አለው፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ይሄዳል። የመጨረሻው ጥያቄ ባለፉት 2 ሳምንታት ብሞት ይሻለኛል ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል ወይ የሚል ነው። እሷ የጤና ባለሙያ አይደለችም። መጠይቁን አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እዚህ ላይ አዎ ያሉትን ሰዎች ምን አደረጋችኋቸው?»

ያኔውኑ ከሐኪም ጋር አገናኝተናቸዋል። እንዲሁ ወደ ቤቱ የሸኘነው ሰው የለም። ለኛ የዕለት ሥራ ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ አልገባም ነበር። «ሪቪወሩ ደሴ መጥቶ አላያችሁም እኮ ጋሼ» አለችኝ፤ ለጆርናሉ ጽሑፉን የሚገመግመውን ባለሙያ ማለቷ ነው። የሥነ ምግባሩ ክፍል ላይ 2 ዓረፍተ ነገር ጨመርን። እውነቱን ለመናገር ከጽሑፉ ሁሉ አሁን ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ሌላው ሰው የማይነግራችሁ ነገር፦ ይቺ ልጅ አትጽፍላችሁም። ማጠቃለያውን አንቺው ጨርሺልን ያላት ሰው መጥፎ ቀን ነው የሚገጥመው። ሐሳቡ የእናንተ ነው፣ ትንታኔውም የእናንተ ነው ትላለች። እሷ ቀለም ታደርግበታለች፣ ከጎኑ ጥያቄ ትጽፋለች፣ እናንተ ትመልሳላችሁ። ጥናታችን መረጃው ባንድ ጊዜ የተሰበሰበ ነው፤ ማን ማንን እንዳመጣው አይናገርም። ስለዚህ «አስከተለ» የሚል ነገር ባየች ቁጥር «ግንኙነት አለው» በሉ እያለች አሰለቸችን። ከኛ አንዱ፣ ይቺን የመሰለች ሰው ስሟ ከደራሲዎቹ ጋር ይግባ ብሎ ነበር። አይሆንም አለች። ደራሲ ለመባል የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ያስቀመጡት 4 መስፈርት አለ፤ ሁሉንም ማሟላት ያስፈልጋል፤ እኔ አላሟላም። ምስጋናው ላይ «ለቋንቋ እርማት» ብላችሁ ጻፉልኝ፣ ይበቃኛል አለች። ጥናቱን ሳያነብ ስሙ እንዲገባ የሚፈልግ ሰው በሞላበት አገር ይሄን ስሰማ ምን እንደምል ጠፋኝ።

ጆርናል መምረጥ ላይም ዓይኗ አያልፍም። መቼም ሁላችንም ኢሜይላችን ውስጥ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ግብዣ ሞልቷል። ክፈሉና ባጭር ቀን ይወጣል ይላሉ። እሷ መጀመሪያ የጆርናሉን ስም ማንም በነፃ የሚያነባቸው ክፍት ጆርናሎች የሚመዘገቡበት ዶጅ (DOAJ) የሚባል ድረ ገጽ ላይ ትፈልጋለች። ቀጥላ የአዘጋጆቹን ዝርዝር ትከፍታለች፤ ሰዎቹ እውነት አሉ ወይ ብላ አንድ ሁለቱን በሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ታያለች። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ደግሞ እንደኛ ካለ አገር ለሚመጣ ጽሑፍ የማሳተሚያ ክፍያውን የሚተዉበት ወይም የሚቀንሱበት መንገድ አላቸው። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ጽሑፉ ሲላክ ነው። ከተቀበሉት በኋላ ልጠይቅ ያለ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆንበት። ይሄን ሳያውቁ ብራቸውን ዶላር ፍለጋ ያንከራተቱ ሰዎች አውቃለሁ።

ቀሪው የእጅ ሥራ ነው፤ ዋቢዎቹ ዞቴሮ በሚባለው የዋቢ ማሰናጃ ፕሮግራም ገቡ፣ የመስመር ቁጥር ተደረገ፣ የደራሲዎች ስም ያለበት ገጽ ለብቻው ወጣ፣ ለኤዲተሩ ደብዳቤ ተጻፈ። መብራት ሲሄድ በላፕቶፕ ባትሪ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ በስልክ ዳታ። ከባልደረቦቼ አንዷ ኮምቦልቻ ነው የምትሠራው። እሷ ሐረጎን ወጥታ እስክትመጣ ልጅቷ ቤቷን ሳትዘጋ የጠበቀችበት ማታ አለ። ተጨማሪ ልክፈል ብላት «ኢንሻአላህ ሲታተም ቡና ትጋብዙኛላችሁ» ብላ ሳቀች።

ጽሑፉ አሁን ሪቪወሮች እጅ ነው። ይለፍ አይለፍ የነሱ ነው፤ እሷም ይታተምላችኋል ብላ ቃል አትገባም። ቃል የሚገባላችሁ ሰው ካለ ሽሹት።

እንግዲህ ጉድለቷንም ልናገር፤ ሙገሳ ብቻ ሲሆን ዘመዷ እመስላለሁ። ስልክ አታነሳም። ለነገ ጠዋት የሚባል ሥራ አትቀበልም። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ነው የሚቆመው። ነገር ፈላጊም ናት፤ ሠርታችሁ የጨረሳችሁትን አንቀጽ ስታስፈርሳችሁ ልትናደዱ ትችላላችሁ፤ እኔም ተናድጃለሁ። ዋጋዋን ግን በገጽ አስልታ አስቀድማ ትነግራችኋለች፤ በኋላ ጭማሪ የሚባል ነገር የለም።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅሽ ይባረክ።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የጥናት ፈቃዱን ደብዳቤ፣ መጠይቁን በሁለቱም ቋንቋና የመረጣችሁትን ጆርናል የደራሲዎች መመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ጽሑፉን በዎርድ አድርጉት። ፒዲኤፍ ይዞ የሄደ ሰው ከነፍላሹ ነው የምትመልሰው።