የላንድክሩዘር የፊት አክስል ኪት፦ ከሱማሌ ተራ ምኑን እንግዛ፣ ምኑን እንተው?

አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ ላይ «የናክል ኪት» (ናክል ማለት የፊት ጎማን ይዞ ከመሪው ጋር የሚዞረው ክፍል ነው) ተብሎ የሚሸጠው ፓኬት የአሮጌ ላንድክሩዘር ባለቤትን ልብ ይሰርቃል። ኦይል ሲሉ (ዘይት የሚያግደው ቀለበት)፣ ጋስኬቱ፣ የኳሱ ማለትም ናክሉ የሚዞርበት የአክስሉ ክብ ጫፍ መጥረጊያ፣ አንዳንዴም ኩሽኔታው ሳይቀር በአንድ ላስቲክ ታሽጎ ይመጣል፤ ዋጋውም ዕቃው ለየብቻ ሲገዛ ከሚወጣው በብዙ ያንሳል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ኦሪጅናሉ የት እንደደረሰ የገዛ ያውቀዋል። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ኪቱን ግዙት፤ ሁለቱን የውስጥ ኦይል ሲሎች ግን አውጥታችሁ በኦሪጅናል ተኩ፣ ኩሽኔታውንም ከኪቱ ጋር አትውሰዱ። ከአንድ ሮንዴላ በቀር የቀረው ይሠራል።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ድፍን የፊት አክስል (ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ወጥ ቱቦ) ያላቸውን ነው፤ 60፣ 70፣ 80 እና 105 የሚባሉትን ሞዴሎች። የ100 ባለ ቪ8ቱ የፊት እግር ሌላ አሠራር ስለሆነ እዚህ የተጻፈው አይገባውም። 70ዎቹም እርስ በርስ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1999 የፊቱ ከባሌስትራ ወደ ሞላ ሲቀየር ቸርኬውም ከ6 ቡሎን ወደ 5 ወረደ፤ የጎማ ኩሽኔታውም አብሮ ተለወጠ። ስለዚህ 70ውን በተለምዶ ስሙ ጠርቶ «ለሃርድቶፕ ስጠኝ» ማለት አይበቃም። ወይ የሻንሲ ቁጥሩን ወይ የወለቀውን ዕቃ ይዞ መሄድ ነው።

የውስጥ ኦይል ሲሉ ላይ ለምን እንደምንከርር እናስረዳ። ይህ ሲል በአክስሉ ቱቦ ጫፍ ተቀምጦ የዲፈረንሻል ዘይት ወደ ናክሉ እንዳያልፍ ይከለክላል። ናክሉ ውስጥ ያለው ሲቪ ጆይንት (ጎማው ሲታጠፍም ኃይል የሚያስተላልፈው መጋጠሚያ) የሚኖረው በግራሶ እንጂ በዘይት አይደለም። ሲሉ ሲደክም ዘይቱ ያልፍና ግራሶውን ሾርባ ያደርገዋል። የቀጠነው ግራሶ በኳሱ ላይ ወርዶ ቸርኬውን ያጨማልቃል፤ ሲብስም በሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) በኩል የፍሬን ሸራውን ይነካል። ከእንጦጦ ሲወርዱ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነና የተቃራኒው ጎን ኳስ ረጥቦ ከተገኘ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ሲል ነው።

ብዙ ጋራዥ ኳሱ ረጥቦ ሲያይ የውጩን መጥረጊያ ብቻ ይቀይራል። መጥረጊያው ግን ዘይት እንዲያቆም አልተሠራም፤ አቧራ ለመከልከልና ትርፍ ግራሶ ለመጥረግ ነው። ውስጡ ሳይነካ ውጩ ቢቀየር ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይረጥባል። በሌላ በኩል ኳሱ ላይ ስስ የግራሶ ሽፋን መታየቱ ጤና ነው። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ኳስ ይዝጋል፣ ዝገቱም የአዲሱን መጥረጊያ ላስቲክ ይበላዋል።

ገበያ ከመውጣት በፊት የተበላሸውን መለየት ገንዘብ ያተርፋል። ናክሉ ላይ ያለውን ባለ አራት ማዕዘን መክፈቻ ፈትታችሁ ቀጭን ሽቦ አስገቡ። ወፍራም ጥቁር ግራሶ ይዞ ከወጣ የውስጡ ሲል ገና ነው። ፈሳሽ ሆኖ የዲፈረንሻል ዘይት ከሸተተ ሲሉ አልቋል። ነጣ ብሎ አረፋ ከያዘ ውሃ ገብቷልና ኩሽኔታዎቹም መታየት አለባቸው። ቀጥሎ መኪናውን በክሪክ አንሡና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ እንቅስቃሴው ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ ናክሉ የሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ ሁሉንም ግዙ የሚል ባለሙያ ሥራ እየቆጠበ ያለው ለራሱ ነው።

አሁን ወደ ኪቱ። ከርካሹ ፓኬት ውስጥ መጥረጊያው፣ ማለትም የሱፉ ቀለበት፣ ጎማውና ብረቱ፣ ደህና ነው። ሱፉን ከመግጠም በፊት በዘይት ማራስ እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ቅደም ተከተሉን ግን አትሳቱ፦ ብረቱ ወደ ናክሉ፣ ከዚያ ጎማው፣ ከዚያ ሱፉ፣ በላዩ መያዣ ሳህኖቹ። የወረቀት ጋስኬቶቹም ያገለግላሉ። የሞዞው ሲል መካከለኛ ቢሆንም ይበቃል፤ የሚይዘው ግራሶ ስለሆነ እንደ ውስጡ አይፈተንም። የዳዶው መቆለፊያ ሮንዴላ ግን ስስ ነው፤ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ አይተናል። ኦሪጅናሉ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ እዚህ ላይ መቆጠብ ትርጉም የለውም።

የውስጡ ሲል ደካማ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ከንፈሩን በጣት ጫን በሉት፤ ደረቅ ከሆነ ወይም ጠርዙ ላይ የማቅለጫ ትርፍ ካለ ተዉት። ከከንፈሩ ጀርባ ያለችው ቀጭን ሞላ በጥፍር ስትነካ ብቻ ከወጣች ሻፍቱ (በአክስሉ ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ዘንግ) ላይም አትቆይም። ጋራዥ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ያለ መዶሻ በእጅ ብቻ ተገፍቶ የሚገባ ሲል አይገጠምም፤ ዘይቱ በዙሪያው ያልፋል። የኦሪጅናሉ ቁጥር ለ80ዎቹ 90310-35010 ነው፤ መሃሉ ያለው 35 የውስጥ ስፋቱን በሚሊ ሜትር ይናገራል። ሁለት ያስፈልጋል።

ኩሽኔታ ላይ ጥሩ ዜና አለ። ለ80ዎቹ የውጭኛው የጎማ ኩሽኔታ ቁጥር 90368-45087፣ የውስጠኛው 90368-49084፣ የሞዞው ሲል 90311-62001 ነው። በቶዮታ ካርቶን የሚመጣው ኩሽኔታ አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ላይ «ኮዮ» ይላል። የጃፓን ኩሽኔታ አምራቾቹ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ ወይም ኤንቲኤን በራሳቸው ካርቶን ቢገዙ ጥራታቸው አያንስም፣ ዋጋቸው ግን ይቀላል። ከገበያው ሁሉ ምርጡ ግዢ ይህ ነው ብንል አላጋነንም። የሚያስፈራው አስመስሎ የተሠራው ነው። ካርቶን ተመልሶ ይሞላልና ካርቶኑን አትመኑ፤ ኩሽኔታውን አውጥታችሁ እዩ። ጽሑፉ ጥርት ብሎ የተቀረጸ መሆን አለበት እንጂ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ቀለም አይደለም። የውስጡና የውጩ ቀለበት ከአንድ አምራች ይሁን። ሱቁ ውስጥ ግራሶ ተቀብቶ የሚጠብቃችሁ «አዲስ» ኩሽኔታ ከሆነ ታጥቦ እንዲታይ ጠይቁ። ናክሉ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች በጠቅላላው 4 ናቸው፣ የውስጥ ቀዳዳቸውም 17 ሚሊ ሜትር ነው።

ግራሶ ለሁለቱም ጎን 2 ኪሎ ይዞ መጀመር ይሻላል። ለናክሉና ለሲቪ ጆይንቱ ሞሊብዲነም ያለበት፣ ውፍረቱ ቁጥር 2 የሆነ፣ ለጎማው ኩሽኔታ ጥሩ የሊትየም ግራሶ። ናክሉን ሦስት አራተኛ ያህል ሙሉት፤ ጢም ብሎ ከተሞላ ትርፉ በመጥረጊያው በኩል ይወጣል። የዲፈረንሻል ዘይትም ወደ 3 ሊትር፣ ደረጃው ጂኤል-5 (GL-5) የሚል።

ዕቃው ምንም ጥሩ ቢሆን አገጣጠሙ ሊያበላሸው ይችላል፤ ጋራዥ ስትመርጡ ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ 54 ሚሊ ሜትር ቦክስ ቁልፍ አላቸው ወይ? የሞዞውን ዳዶ በመሮና በመዶሻ የሚፈታ ጋራዥ ዳዶውን ይበላዋል፣ የማጥበቂያውንም ልክ በግምት ይተወዋል። ሁለተኛ፣ የድሮው ግራሶ በናፍጣ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ይወጣል ወይስ አዲሱ በላዩ ይጨመራል? ሦስተኛውና ዋናው፣ ሻፍቱን እንዴት ይመልሱታል? ሻፍቱ ከባድ ነው፤ እየጎተቱ ከገፉት ጥርሱ የአዲሱን ሲል ከንፈር ይቀደዋል። የሲሉ ከንፈር ግራሶ ተቀብቶ፣ ሻፍቱ በእጅ ወደ ላይ ተደግፎ፣ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። ብዙ «ኦሪጅናል ገጥመን ወዲያው አፈሰሰ» የሚባለው እዚህ የተቀደደ ነው።

ሻፍቱ ሲወጣ ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ዳሱት። ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ ካለ አዲሱን ሲል ጥቂት ሚሊ ሜትር ወጣ አድርጎ መግጠም ከንፈሩን ባልተበላ ቦታ ያሳርፈዋል። ቀለል ያለ ዝገት ብቻ ከሆነ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ማሸት ይበቃል፤ ወደ ርዝመቱ ግን አታሹት። በናክሉ ላይና ታች ያሉት ስስ የብረት ሉሆች ከየት እንደወጡ ምልክት ይደረግባቸው፤ ከተደባለቁ ሻፍቱ ከመሃል ይሸሻል፣ ሲሉም በአንድ ጎን ያልቃል። መጥረጊያው ሳይገጠም የናክሉን ክንድ ጫፍ በመንጠቆ ሚዛን ሲስቡት ለመነሣት ከ3 እስከ 6 ኪሎ መጠየቅ አለበት።

የጎማው ኩሽኔታ የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ውስጠኛው ዳዶ በ59 ኒውተን ሜትር ይጠበቅና ሞዞው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይዞራል፤ ከዚያ ዳዶው ይላላና እንደገና በ5 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ይጠበቃል። መቆለፊያው ሮንዴላ ገብቶ የውጩ ዳዶ በ64 ይታሰራል፣ ሮንዴላውም ይታጠፋል። የጎማ ቡሎኑ ላይ ሚዛን ተይዞ ሲሳብ ከ3 እስከ 5.5 ኪሎ ላይ መነሣት አለበት። እነዚህ የ80ዎቹ ልኮች ናቸው።

ማንም የማይሸጥላችሁ አንድ ነገር ቀርቷል፤ የአክስሉ መተንፈሻ። በጭቃ ከተደፈነ አክስሉ ሲሞቅ ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋል፤ የሞቀ አክስል በክረምት ጎርፍ ውስጥ ድንገት ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዚያው በኩል ውሃ ይስባል። አዲስ ሲል ከመግጠማችሁ በፊት ፍቱት፣ እጠቡት፣ ቢቻል በጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ አድርጉት።

ከጋራዥ በወጣችሁ በ15 ኪሎ ሜትር ላይ ቆማችሁ ሞዞውን በእጅ ንኩ። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ዳዶው ከልክ በላይ ጠብቋልና ይመለስ። በ1,000 ኪሎ ሜትር ጎማው እንደገና ይነቅነቅ። ከዚያ በኋላ የጎማው ግራሶ በ40,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየራል፤ ሞዞው ውሃ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ግን ኪሎ ሜትሩን መጠበቅ የለም።