«ግድግዳ አልፎ በ200 ሜትር ያገኛል» የሚባለውን የቁልፍ ታግ እንዳትገዙ

ወገኖቼ፣ እኔ የተበላሁት ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሞባይል ቤት ሁለት የቁልፍ መፈለጊያ ታግ ገዛሁ። አንዱ ለመኪናዬ ቁልፍ፣ ሌላው ለእማዬ። ካርቶኑ ላይ «አልትራ ዋይድባንድ፣ 200 ሜትር» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። አልትራ ዋይድባንድ ማለት ታጉ ያለበትን አቅጣጫና ርቀት ስልክ ላይ በቀስትና በሜትር ለማሳየት የሚያገለግል የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሻጩም «ግድግዳ ቢኖርም በቀስት ይመራሃል» አለኝ።

ቤት ገብቼ ስሞክረው ቀስት የለ፣ ሜትር የለ። ቁልፉን ሶፋ ስር አድርጌ ማድ ቤት ስቆም «ቅርብ ነው» ይላል፤ ደጅ ወጥቼም «ቅርብ ነው»። የሸጠልኝ ተራ ብሉቱዝ ነው። ልመልስ ስሄድ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለ፤ ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር።

የምሠራው ኔትወርክ ላይ ስለሆነ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ለምን እንደማያስኬድ ልንገራችሁ። የአልትራ ዋይድባንድ ኃይል ከመጀመሪያውም የታሰረ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋኸርዝ ያለውን የሞገድ ክልል ስትፈቅድለት፣ በዚያው ሞገድ የሚሠሩ ሌሎች አገልግሎቶች እንዳይረበሹ ጣሪያ አበጀችለት። ከዚያ ክልል 500 ሜጋኸርዝ ስፋት የሚይዝ መሣሪያ በአማካይ የሚያሰራጨው ከ1 ሚሊዋት ሃያኛ ያነሰ ነው። በዚህ ኃይል የብሎኬት ግድግዳ እየበሳ 200 ሜትር የሚሄድ ታግ አይኖርም።

የሚያስደንቀው ቅርብ ላይ ነው። ሞገድ በ1 ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። የሚላከው የሞገድ ምት እጅግ አጭር ስለሆነ፣ ተቀባዩ በቀጥታ የደረሰውን ከግድግዳ ነጥሮ ከዘገየው ለይቶ፣ ከፈጀው ጊዜ ርቀቱን በሳንቲ ሜትር ደረጃ ያሰላል። ቀጥታውን ብረት ወይም ወፍራም ኮንክሪት ካስቀረበት ግን የነጠረውን ይዞ ርቀቱን አብዝቶ ይነግራችኋል። ገላችንም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሞገዱን ይውጠዋል፤ ቁልፉ የኋላ ኪስ ውስጥ ከሆነ እውነተኛው ታግ እንኳ ሊቸገር ይችላል።

ስልካችሁንም እዩ። አይፎን 11 የአልትራ ዋይድባንድ ቺፕ አለው፣ ኤስኢ የለውም። ከሳምሰንግ ኤስ21 ፕላሱና አልትራው አላቸው፣ ተራው የለውም። ቺፕ በሌለው ስልክ ማንኛውም ታግ ቀስት አያሳይም።

እባካችሁ ሳትከፍሉ እዚያው ሱቅ ውስጥ ከራሳችሁ ስልክ ጋር አገናኙት። ታጉን ሌላ ሰው ይያዝላችሁና 3 ወይም 4 ሜትር ርቃችሁ ዙሩ። ቀስቱ አብሯችሁ ካልዞረ፣ ስትጠጉ ቁጥሩ ካልቀነሰ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። «ቤት ስትገባ አፕዴት ያደርጋል» ቢሏችሁ አትስሙ፤ ለእኔም ያሉኝ ይህንኑ ነው።