የከሰል ምድጃ ወይስ የጋዝ? ለቤት ውስጥ አንጥረኛ

በግቢው ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ምድጃ ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው ሙቀቱንና ወጪውን ነው። እኔ ግን አስቀድሞ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዲያስብ እለምነዋለሁ። ከሰልም ሆነ ጋዝ ሙሉ በሙሉ ነድዶ ሳያልቅ ሲቀር የሚወጣው ይህ መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል።

ከሰል አሳሳች ነው። ሲያያዝ ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሰውም በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ግን «አሁን ጠራ» ተብሎ በሩ ይዘጋል፤ መርዙ ግን መውጣቱን አላቆመም። ወናፉ ቆሞ፣ መዶሻው ተቀምጦ እንኳ በአመድ የተዳፈነው ፍም ለሰዓታት ይለቀዋል። ስለዚህ ከምድጃው በላይ ሰፊ የቆርቆሮ ቆብና ከጣሪያው ከፍ ብሎ የሚወጣ ጭስ ማውጫ የግድ ያስፈልጋል።

የጋዝ ምድጃ ሲዘጋ ወዲያው ይጠፋል፤ ትልቁ ብልጫው ይኸው ነው። «ጋዝ ንጹሕ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። አየር ሲያንሰው ከምድጃው አፍ ረጅም ነበልባል ይወጣል፤ ጋዙ ውስጥ ነድዶ እንዳላለቀ ምልክቱ ይህ ነው። ጭስ ስለማይታይም ብዙዎች ጭስ ማውጫ ሳይሠሩለት በዝግ ክፍል ይጠቀሙበታል።

እኔ በዝግ ክፍል ካለ ጋዝ ይልቅ ሦስት ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ያለ ከሰል እመርጣለሁ። በየትኛውም ምድጃ ስትሠሩ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ብረቱን እዚያው ትታችሁ ወደ ውጭ ውጡ።