የላላ የብሎን ቀዳዳ፦ ስቴኪኒ በኮላ፣ ረጅም ብሎን፣ ኢፖክሲ፣ ፊሸር እና ከዱባይ የመጣችው ብረት፣ ሁሉንም ሞክሬ

እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ ስኳር ላውጣ ብላ የኪችን ካቢኔቱን ስትከፍት በሩ እንዳለ እጇ ላይ ቀረ። እንደ ትሪ ታቅፋው ቆማ «ውይ ልጄ፣ ሰበርኩብሽ እንዴ?» አለችኝ። አረ እማዬ አንቺ ምን አደረግሽ፣ ከላላ እኮ ስድስት ወር አልፎታል፣ እኔው ነኝ በየሳምንቱ ብሎኑን እያጠበቅኩ እያባበልኩ ያቆየሁት። ያን ቀን ግን አፈርኩ። ከዛ በኋላ ባሉት ሶስት ወራት ቤቴ ውስጥ ያለውን የላላ ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ ስጠግን ነው የከረምኩት፣ ሰው የሚለውን ሁሉ ሞክሬያለሁ፣ ከዚ በታች ያለው ያየሁት ነው። አናጺ አይደለሁም፣ ስራዬ ሂሳብ ነው፣ ስለዚ አናጺዎች ካላችሁ አትሳቁብኝ።

መጀመሪያማ ሰው ነበር የጠራሁት። ሰውየው መጣ፣ አየት አደረገው፣ ከኪሱ ክብሪት አወጣና ሁለት እንጨት ሰበር አድርጎ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቆ ብሎኑን በድሪል ግርርር አድርጎ አስገባው፣ ሶስት ደቂቃም አልፈጀበት፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በአስራ አምስት ቀኑ በሩ ተመልሶ ወረደ። ያኔ ሰውየውን ስረግመው ነበር፣ አሁን ግን ሳስበው ሀሳቡ ልክ ነበር፣ አሰራሩ ነው የተበላሸው። ኮላ የለ፣ ክብሪት ደግሞ ለስላሳ እንጨት ነው በቀላሉ ይደቃል፣ ድሪሉ ደግሞ ብሎኑ ጥግ ከደረሰ በኋላም መዞሩን አላቆመም። ጥግ ደርሶ ካቆመ በኋላ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ዙር እኮ የቀዳዳውን ግድግዳ ነው የሚፈጨው፣ ጥርሱ የቆረጠውን መስመር እራሱ መልሶ ይበላዋል ማለት ነው።

ሌላው ዘግይቶ የገባኝ ነገር ቀዳዳው ምን ላይ እንዳለ ሳያዩ መድሀኒት መግዛት ከንቱ ልፋት መሆኑ ነው። የኔ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው። የመኝታ ቤቱ በር መቃን እንጨት ነው፣ ካቢኔቱ ቺፑድ ነው፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ሶስቱም ላይ ብሎን ይላላል ግን በሽታቸው ለየቅል ነው፣ እኔ ደግሞ ለሶስቱም አንድ ዘዴ ስጠቀም ነበር።

ከእንጨቱ ልጀምር፣ እሱ ነው ደስ የሚለው። የመኝታ ቤት በሬ የላይኛው ማጠፊያ ሁለት ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞር ነበር፣ በሩም ጎንበስ ብሎ ወለሉን ይፍቃል (የላይኛው ማጠፊያ ነው ሁሌ ቀድሞ የሚላላው፣ የበሩ ክብደት የሚጎትተው እሱን ነዋ)። እዚ ጋ ስቴኪኒ በኮላ ነው የተጠቀምኩት፣ የጥርስ ስቴኪኒ፣ ከሱቅ የሚገዛው፣ ኮላውም ተራ ነጩ የእንጨት ኮላ ነው። ሁለቱም ተደምረው ስንት ናቸው ለምትሉኝ ዛሬ ብነግራችሁ ነገ ውሸታም እባላለሁ፣ ብቻ አናጺ ከማስጠራት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

አሰራሩ እንዲህ ነው። በሩ ስር ሁለት ሶስት ካርቶን አጥፌ ሸጎጥኩ ብሎኑ ሲወጣ እንዳይወርድብኝ። ቀዳዳውን በስቴኪኒው ራሱ ጫር ጫር አድርጌ አቧራውን እፍ አልኩት (አይናችሁን ጨፍኑ፣ እኔ አልጨፈንኩም)። ኮላውን ቀዳዳው ውስጥ ጨመቅ አደረግኩ፣ ስቴኪኒዎቹንም ኮላ እየነከርኩ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ አራተኛው እንቢ ሲል በመዶሻ እጀታ ቀስ ብዬ መታ መታ አደረግኩት። ጠበቅ ማለት አለበት፣ ልል ከሆነ ዋጋ የለውም። የተረፈውን በከተር ከእንጨቱ ጋር እኩል ቆረጥኩ። ከዛ የሚከብደው ክፍል መጣ፣ መጠበቅ። ኮላው ላይ 24 ሰአት ይላል። እኔ መጀመሪያ ቀን ሁለት ሰአት ጠብቄ ነው ብሎኑን ያስገባሁት፣ ስቴኪኒዎቹ ከነኮላቸው ተያይዘው ዞሩ፣ ሁሉንም አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛው ላይ ማታ ሰርቼ በሩን ሳልነካው አድሬ እስከሚቀጥለው ማታ ተውኩት። ከዛ በ2 ሚሊ ፑንታ (የድሪል መብሻ) መሀሉን በሳሁ፣ ብሎኑን ሻማ ላይ አሸት አድርጌ በእጄ በካቻቢቴ አስገባሁት። ሲነክስ የሚሰማው ነገር አለ፣ እጃችሁ ላይ ክብድ ይላል፣ እህ ያዘ ትላላችሁ። በሩ አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። ለእንጨት ከአስር ዘጠኝ ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለትእግስቱ ነው።

አንድ ነገር ላስገባ፣ ታች ቤት ያሉት ጋሼ በሩን ስሰራ ደረጃ ላይ አይተውኝ ነው የነገሩኝ፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። «አንቺ ልጅ፣ ብሎን ስትመልሺ መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሪው። ጠቅ ሲልሽ አሮጌው መስመሩ ላይ ቁጭ አለ ማለት ነው፣ ያኔ ወደ ቀኝ አጥብቂ» አሉኝ። ሞከርኩት፣ እውነትም ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሲዞር ጠቅ ትላለች ትንሽዬ ድምጽ። እስከዛሬ ብሎን ባወለቅኩ ቁጥር በድሮው መስመር ላይ ሌላ መስመር እየቆረጥኩ ነበር ማለት ነው፣ ቀዳዳውን ማነው ያበላሸው ብትሉ ግማሹ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ካቢኔቱ፣ ወደ ቺፑዱ። እዚ ጋ ነው ብዙ የተቃጠልኩት። ቺፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በማጣበቂያ ተጨፍልቆ የተሰራ ነው፣ ክር የለውም፣ ብሎኑ መጀመሪያ ሲገባ ይይዛል ግን አንዴ ከተፈጨ ውስጡ እንደ በሶ ነው። ስቴኪኒ በኮላውን እሱም ላይ ሞከርኩ፣ ያዘ፣ ወር ከምናምን ቆየ፣ ከዛ ስቴኪኒዎቹ ከነኮላቸው አንድ ላይ እንደ ቡሽ ተስበው ወጡ፣ ዙሪያውን ቺፑዱን ይዘው። ጥገናው አልተበላሸም እኮ፣ የተጣበቀበት ነገር ነው የተላቀቀው።

ቀጥሎ ረጅም ብሎን። ወንድሜ ነው በስልክ «ረዘም ያለ አስገቢበት በቃ» ያለኝ። ለበር መቃን እውነት ነው ይሰራል፣ ከተበላሸው ቀዳዳ አልፎ ጤነኛ እንጨት ያገኛል። የካቢኔት በር ግን ውፍረቱ 18 ሚሊ ነው፣ እኔ 25 ሚሊ ብሎን ገዝቼ መጣሁ፣ ሳልለካ፣ ሂሳብ ሰራተኛ ሆኜ። ካቻቢቴውን እያዞርኩ በጣም ያዘ ብዬ ደስ ብሎኝ ሳለ በሩን ገልበጥ ሳደርገው ጫፉ በውጭ በኩል በነጩ ፊት ላይ ብቅ ብሏል፣ ዙሪያውም ተሰንጥቋል። አሁን እዛ ቦታ ላይ ልጄ የቢራቢሮ ስቲከር ለጥፋበታለች። እንግዳ ሲመጣ ዲዛይን ነው እላለሁ።

ከዛ ሁለት ቱቦ ያለው ኢፖክሲ የሚባለው ማጣበቂያ፣ እኩል እኩል ጨምቆ የሚደባለቀው። ጥንካሬው አይታማም፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ግን ሽታው ከባድ ነው፣ ኪችን ውስጥ መስኮት ከፍታችሁ ነው የምትሰሩት፣ የቆመ ካቢኔት ላይ ደግሞ ከቀዳዳው ወደታች ይወርዳል፣ እኔ ከስር እስኮች ለጥፌ ነው ያቆምኩት። የደረቀ መስሎኝ ብሎኑን ያስገባሁበት አንዱ ቀዳዳ ብሎኑን ለዘላለም ውጦታል፣ አይወጣም። የሚሻለው ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከዛ በፑንታ መብሳት ነው። ሰባት ከአስር፣ ለትንሽ ቀዳዳ።

ሱፐር ግሉ ብቻውንስ? ብቻውን አይሆንም፣ ግን ቺፑዱ ገና ሳይፈርስ ላላ ብቻ ሲል፣ ቀጭኑን ፈሳሽ ሱፐር ግሉ ሁለት ሶስት ጠብታ ቀዳዳው ውስጥ ጠብ አድርጋችሁ ብትተዉት ፍርፋሪው ውስጥ ሰርጎ ያጠነክረዋል። የመሳቢያዬ እጀታ በዚ ነው የያዘው። ጓንት አድርጉ፣ ሁለት ጣቴ ተጣብቆ ቢሮ ሄጃለሁ።

እና ያቺ ብረት። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ምን ላምጣልሽ ስትለኝ ሌላው ሰው ሽቶ ያዛል እኔ ፎቶ ልኬ ይቺን አዘዝኩ፣ ሳቀችብኝ። ስስ የማይዝግ ብረት ናት፣ ከእጅ መዳፍ ታንሳለች፣ ብዙ ቀዳዳ አላት፣ የበር በኩሏ ደግሞ የማጠፊያው ክብ ነገር የሚገባበት ሰፊ ክፍት አላት (ያ ክቡ ብዙ ጊዜ 35 ሚሊ ነው፣ ከማዘዛችሁ በፊት የራሳችሁን ለኩ)። ስራዋ ቀላል ነው፣ የፈረሰውን ቀዳዳ ለመጠገን አትሞክርም፣ ሸፍናው ታልፍና ራቅ ብሎ ባለው ጤነኛ ቺፑድ ላይ በአራት አምስት አዲስ ብሎን ትያዛለች፣ ማጠፊያው ደግሞ እሷ ላይ ይታሰራል። ብሎኖቹ 16 ሚሊ ናቸው፣ በውጭ አይወጡም፣ ተምሬያለሁ። ብረቷ ትንሽ ውፍረት ስለምትጨምር በሩ መጀመሪያ ገጠም አላለም፣ ማጠፊያው ላይ ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች ወዲህ ወዲያ እያዞርኩ ግማሽ ሰአት ፈጀሁ። ከዛ በኋላ ግን ንቅንቅ የለም፣ ዘጠኝ ተኩል ሰጥቻታለሁ። እዚ አዲስ አበባ ህንጻ መሳሪያ ቤት ሶስት ቦታ ጠይቄ አላገኘሁም፣ አንዱ ሻጭ እንደውም «እህቴ ካቢኔቱን ብትቀይሪው አይሻልም?» ብሎኛል፣ መካሪ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ከሌላችሁ ብረት የሚቆርጥ ሰው ጋ ስስ ላሜራ አስቆርጣችሁ ማስበሳት ትችላላችሁ፣ ጠርዙን አስሞርዱት እንጂ እጅ ይቆርጣል።

ሲንኩ ስር ላለው ካቢኔት ግን ማናቸውም አይሰሩም። ውሃ የጠጣ ቺፑድ ያብጣል፣ አንዴ ካበጠ ብረቷም የምትይዘው ጤነኛ ቦታ የለም። እኔ እሱን በር አውልቄ መጋረጃ ሰቅዬበታለሁ።

ግድግዳው። የመጋረጃው ዘንግ ከነፊሸሩ ወጥቶ ጭንቅላቴ ላይ ወርዶብኛል፣ ይሄ ለብቻው ታሪክ ነው። ፊሸር የምንለው እቃ ስሙ የሰው ስም መሆኑን ያወቅኩት በቅርቡ ነው፣ አርቱር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ በ1958 የሰራው የናይለን መሰኪያ ነው፣ ሰውየው ከ1,000 በላይ የፈጠራ መብት ያስመዘገበ ነው፣ እኛ ደግሞ የማንንም ፋብሪካ ፕላስቲክ ፊሸር ብለን እንጠራለን። እኔ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት በጥፍር ሲጫኑት የሚሰምጥ ለስላሳ ፕላስቲክ ነበር፣ ብሎኑ ሲገባ መከፈት ሲገባው አብሮ ይዞራል። ሌላው ችግር የብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ፊሸሩ የሚይዘው ስሱን ግድግዳ ብቻ ነው፣ ጫፉ ባዶው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቀዳዳው ከሰፋ በኋላ ወረቀትና ክብሪት መጠቅጠቅ የመጋረጃ ክብደት አይችልም፣ ሞክሬያለሁ፣ ጭንቅላቴ ምስክር ነው። የሰራልኝ በ8 ሚሊ የነበረውን በ10 ሚሊ ፑንታ ደግሜ በስቼ ጠንካራ ባለ 10 ፊሸር ማስገባት ነው፣ ለአንደኛው ጫፍ። ሌላኛው ጫፍ ልስኑ ራሱ ስለረገፈ አራት ጣት ወደ ጎን ሄጄ አዲስ በሳሁ፣ የድሮውን በጂፕሰም ደፈንኩት። አንዳንዴ ቀዳዳውን ትቶ መሄድ ነው የሚያዋጣው። በነገራችን ላይ ስትበሱ ድሪሉን መታ መታ የሚያደርገውን አጥፉት፣ ብሎኬቱን ከውስጥ ይሰብረዋል፣ በተራው መዞር ብቻ በቂ ነው።

እናቴ ባለፈው ደግማ መጣች። ቡና ልታፈላ ስትል ካቢኔቱን በሁለት እጇ፣ አንዱን እጇን ከበሩ ስር ደግፋ፣ ቀስ ብላ ነው የከፈተችው። ተሰርቷል እማዬ ብላትም አላመነችኝም፣ ስኳሩን ካወጣች በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው «እዚሁ ይሁን» አለች። ስኳሩ እስካሁን እዛው ነው።