የወንድሜን ቤት ለሽያጭ ያሰናዱት ሰዎች፦ ከአምስት አራት ኮከብ

ቤቱ መልክ መልክ ለያዘለት ሰው ስቴጂንግ፣ ማለትም ቤትን ለሽያጭ ማሰናዳት፣ ቀላል ነገር ነው። ትራስ ይቀየራል፣ መጋረጃ ይገለጣል፣ አምፖል ይጨመራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። እኔ የምገመግመው አገልግሎት የገባው ግን በሩ እኩሌታ ድረስ ብቻ የሚከፈት ቤት ውስጥ ነው። ከበሩ ኋላ ካርቶን ነበረ። ከካርቶኑ ኋላ ሌላ ካርቶን።

ቤቱ የታላቅ ወንድሜ ነው። ሚስቱ ለዓመታት ታማ አረፈች። እሷን ለማስታመም ሥራውን ለቀቀ። ገቢው ቆመ፣ የቤቱ ብድር ግን አልቆመም። መሸጥ ግድ ሆነ። በሕመሙ ዘመን ዕቃ ይገባ ነበር እንጂ የሚወጣ አልነበረም። ሳሎኑ መሃል የሕመምተኛ አልጋ። ኮሪደሩ ላይ ዊልቸር። የአዋቂ ዳይፐር እሽግ እስከ መስኮቱ ተቆልሎ። ያልተከፈተ ፖስታ በፌስታል በፌስታል። በየመሳቢያው የመድኃኒት ብልቃጥ። እንዲህ ያለ ቤት ስናይ ባለቤቱ ዝርክርክ ነው ብለን እንፈርዳለን። ወንድሜ ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት የማይወጣ ሰው ነበር።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ወንድሜ «ጻፊው» ያለኝ እሱ መሆኑ እንዳይታወቅ አደራ ብሎ ነው። ስማቸውን ከጠራሁ የሚያውቁን ሰዎች ወዲያው ይነቁብናል።

ከእነሱ በፊት ሌላ ቡድን መጥቶ ነበር። ስለነሱ ብዙ ቦታ አላባክንም፣ ግን ልዩነቱ እንዲታይ ያህል ልንገራችሁ። አንዱ ገና ከበሩ ሳይገባ «ወይ ጉድ!» አለ። ወንድሜ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። ሌላዋ ሰላም ሳትል ስልኳን አውጥታ ማንሳት ጀመረች። ከዚያ የቆሻሻ ኮንቴይነር በር ላይ ይቁም፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤቱ ባዶ ይሆናል አሉ። ወንድሜ ምንም አልመለሰም። መኝታ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከሄዱ በኋላ «ቤቱ አይሸጥም» አለኝ። ሽያጩ ለወራት ቆመ። ብድሩ እየቆጠረ ነበር። ርኅራኄ ለቢዝነስ አይሆንም የሚል ሰው ካለ፣ አንድ «ወይ ጉድ» ስንት ወር ወለድ እንደሚያስከፍል መጥቶ ይጠይቀኝ።

ሁለተኛዎቹን ያገኘልን ደላላው ነው። ትንሽ ድርጅት ናቸው፣ አለቃዋ ራሷ ትሠራለች። መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነበር። ስንት ክፍል አለው ብላ አልጀመረችም። ቤቱ ውስጥ ማን ይኖራል? እንዴት ሆኖ ነው ያለው? እኛ ስንመጣ አንቺ እንድትኖሪ ይፈልጋል? እንዳንገባበት የሚፈልገው ክፍል አለ? ባንኩ የቆረጠው ቀን አለ? አምስተኛውን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ለሰው ማዘን አንድ ነገር ነው፣ የጊዜ ገደቡን ረስቶ ማዘን ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል።

የመጣች ቀን ፎቶ አላነሳችም። ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነበር። የመድኃኒት ሰዓቶች በእስክሪብቶ የተጻፉበት፣ እየተሰረዘ የተስተካከለ። ቆማ አነበበችው። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ብቻዎን ነው የያዙት?» አለችው። ወንድሜ ተናግሮ የማያውቀውን ሰው ፊት አወራ። እኔም ያልሰማሁትን ሰማሁ። ስለ ዕቃው አንድም ቃል ሳይነሳ ጉብኝቱ አለቀ። ስትወጣ ወንበሩ ላይ ያለውን የጋዜጣ ክምር አሳይታ «ይሄን በሚቀጥለው ስመጣ እዚያ ጥግ ቢያደርጉልኝ ደስ ይለኛል» አለች። በማግስቱ ብደውልለት ጋዜጣውን አንስቶ ጥሎታል።

ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ፎቶዎች ይዛ መጣች። ራንዲ ፍሮስትና ጌይል ስቴኬቲ የሚባሉት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት፣ ክፍል በዕቃ ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ለሳሎን፣ ለወጥ ቤትና ለመኝታ ቤት ለእያንዳንዱ 9 ፎቶ አለው። 1 ንጹሕ ክፍል ነው፣ 9 ወለሉም ግድግዳውም የማይታይ። ከ4 ጀምሮ ያለው እገዛ መፈለግ ይገባል የሚባልበት ነው። «ሳሎንዎ የትኛውን ይመስላል?» አለችው። 5 ላይ ጣቱን አደረገ። እኔ ብጠየቅ 6 እል ነበር፣ ግን ዝም አልኩ። ዋናው ነገር ሌላ ሰው ስለቤቱ ሲናገር አልሰማም፣ ራሱ ተናገረ። ከዚያ በኋላ «5 ላይ ነን፣ 3 እንድረስ» የሚል ቋንቋ መጣ። ቁጥር ደግሞ አይሳደብም።

እግረ መንገዷን አንድ ነገር ለየች። ዕቃው የተከማቸው ከሕመሙ ወዲህ ነው ወይስ ከዱሮም ጀምሮ? ይህን የምትጠይቀው ለወሬ አይደለም። ዕቃ ከእጅ የማይወጣበት ችግር ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም ሆኖ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ የገባው በ2013 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በአዲሱ የበሽታዎች ምደባው ተቀብሎታል፤ ይህ ምደባ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱን በግድ ካጸዱበት ሰውየው ይጎዳል፣ ቤቱም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሞላል። የወንድሜ ጉዳይ ይህ አልነበረም። ሐዘንና ድካም ነበር። ሕመሙ ቢሆን ግን ከባለሙያ ጋር ካልተነጋገረ ሥራውን እንደማትጀምር ነገረችን። ሥራ አምጥተንላት «አልጀምርም» የምትል ነጋዴ እምብዛም አይቼ አላውቅም።

አሁን ስለ ሥራው። የጀመሩት ትዝታ ከሌለበት ነው። መታጠቢያ ቤት፣ ኮሪደር፣ የጫማ ማስቀመጫ። መጀመሪያ ያስለቀቁት ሰው ሳይደናቀፍ የሚያልፍበትን መንገድ ነው፣ የፎቶው ጉዳይ በኋላ መጣ። ዊልቸሩና አልጋው የኪራይ ስለነበሩ ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ያረጀውን መድኃኒት ሽንት ቤት አልደፉትም፣ ቆሻሻ ውስጥም አልጣሉትም፣ ወደ ፋርማሲ መለሱት። ብልቃጡ ላይ ያለውን የሟቿን ስም አንድ በአንድ በጥቁር ማርከር አጠፉ። ይህን ማንም አልጠየቃቸውም።

ዕቃ ሲለዩ «ይጣል ወይስ ይቀመጥ?» አይሉም ነበር። ከእርስዎ ጋር የሚሄድ፣ ለሰው የሚሰጥ፣ የሚወገድ፣ እና ደግሞ «ገና» የሚል ካርቶን። ወንድሜ መወሰን ሲያቅተው ወደ «ገና» ይገባል፣ ይታሸጋል፣ ቀኑ ይጻፍበታል። ማንም አይከራከረውም። በእኔ ግምት ቤቱን ያሸጠው ያ ካርቶን ነው። መወሰን የማይችል ሰው ሁሉንም ነገር ይይዛል። «ገና» የሚልበት ቦታ ሲያገኝ ግን ሌላውን በቀላሉ ለቀቀ።

የማንኛውም ልብስ ኪስ ሳይታይ አልወጣም። መጽሐፍ ሁሉ ተገላብጦ ተራግፏል። ፖስታው ሁሉ ተከፍቷል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ እኔ ራሴ ተማርሬ ነበር። የቤቱ የባለቤትነት ማረጋገጫ የወጣው ግን ከአሮጌ የስልክ ማውጫ መሃል ነው። ኮንቴይነሩ ቢመጣ ኖሮ እሱም አብሮ ሄዶ ነበር።

ደላላው ቸኮለ። ሙሉ ቤቱ ይለቅ አለ። እሷ ያመጣችው መልስ ጥሩ ነበር። የአሜሪካ የሪልተሮች (የቤት ሽያጭ ወኪሎች) ብሔራዊ ማኅበር በ2023 ባወጣው የስቴጂንግ ዳሰሳ የገዢ ወኪሎች ከሁሉ በላይ መሰናዳት አለበት ያሉት ሳሎን ነው፣ 39 በመቶ። ዋናው መኝታ ቤት 36፣ ወጥ ቤት 30። ስለዚህ ጉልበታችንን እዚያ እናውል፣ የሚስቱ የስፌት ክፍል መጨረሻ ላይ ይነካ አለች። ደላላው ቁጥር ሲሰማ ይረጋጋል። ወንድሜም ያ ክፍል ለጊዜው እንደማይነካ ሲያውቅ ተረጋጋ። በአንድ ወረቀት ሁለት ሰው!

የልብሷ ነገር ከባድ ነበር። ገዢ ቁም ሣጥን ይከፍታል፣ ይህ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ ሙሉ ሆኖ መቆየት አልቻለም። ልዩ የሚባል ነገር አላደረጉም። ልብሱ ከነመስቀያው፣ እንደነበረ በተራው፣ ዚፕ ባለው ሽፋን ገብቶ እኔ ቤት መጣ። አልታጠፈም፣ አልተለየም። ዚፑን ወንድሜ ራሱ ዘጋ። እነሱ ያኔ ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ ያገኙ መሰሉ።

ግድግዳ ላይ ያሉት የቤተሰብ ፎቶዎች ይነሱ የሚለው ምክር በስቴጂንግ ዓለም የተለመደ ነው። ምክንያቱ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ «ገዢው ራሱን እዚያ እንዲያይ» ይባላል። ሚስቱን ለቀበረ ሰው ይህን መንገር ጭካኔ ነው። እሷ ያለችው ሌላ ነበር። «ጋሼ፣ የቤቱን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ የማናውቀው ሰው ሁሉ ያየዋል። የእሷን መልክ ለማያውቃት ሰው አናሳይ።» ወዲያው ተስማማ። ፎቶዋ ገዢ ሲመጣ መሳቢያ ይገባል፣ ሲሄድ ይመለሳል።

ሽታውንም እንዲሁ። የመድኃኒትና የተዘጋ ቤት ሽታ ነበረ። «አፍንጫ ይለምዳል፣ የራሱን ቤት ሽታ የሚያውቅ ሰው የለም፣ የእኔንም አላውቀውም» ብላ መስኮት ከፈተች። ሽቶ አልረጩም። አልጋው ከተነሳ በኋላ ግድግዳው ላይ እርጥበትና ሻጋታ ሲገኝ ደላላው ቁም ሣጥን እናስጠጋበት አለ። እሷ እምቢ አለች። ይጠገናል፣ ለገዢም ይነገራል። ያዘነ ሰው ላይ ነገ የክስ ጣጣ መጨመር ደግሞ ምን የሚሉት ርኅራኄ ነው?

አከፋፈላቸው ላይ ልቁም፣ ምክንያቱም ማንም የማይጠይቀው ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ በሰዓት ነበር የሚያስከፍሉት። እነዚህ በክፍል ተስማሙ። በሰዓት የሚከፍል ሰው አንድ ደብዳቤ ይዞ ቆሞ ሲያለቅስ ሰዓቱ ይቆጥርበታል፣ እሱም ያውቃል። በክፍል ሲሆን ለቅሶ ነጻ ነው። ባለሙያ ልትቀጥሩ ከሆነ ይህን ጠይቁ። «ከመሰናዳቱ በፊት የነበረውን ፎቶ የት ታወጣላችሁ?» ብላችሁም ጠይቁ። የብዙ ድርጅት ማስታወቂያ የተሠራው በሰው ሐፍረት ነው። የእነዚህ ውል ላይ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ፎቶ አይወጣም የሚል መስመር አለ፣ ወንድሜ አልፈቀደም፣ አልወጣም።

አንዷን ኮከብ ለምን ቀነስኩ? አንደኛ፣ ያመጡት የኪራይ ሶፋ ነጭ ነው። ወንድሜ በገዛ ቤቱ ለመቀመጥ ፈራ። ሰው እየኖረበት የሚሸጥ ቤት መሆኑን እያወቁ ነጭ ሶፋ! ሁለተኛ፣ ገዢ ሊያይ ሲመጣ ወንድሜ የት ይሁን የሚለውን አላሰቡበትም። እኔ እየመጣሁ ይዤው እወጣ ነበር፣ እህት የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ሦስተኛ፣ አንዱ ወጣት ሠራተኛ ከአልጋው ሥር በወጣው የዳይፐር ብዛት ሳቀ። አለቃዋ ወደ ውጭ ጠራችው፣ ሲመለስ ዝም ብሎ ሠራ። ሥልጠናው ግን ከመምጣቱ በፊት ነበር መሆን የነበረበት።

ቤቱ ተሸጧል። ስቴጂንጉ ዋጋ ጨመረ ወይ ላላችሁኝ፣ አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ስለማይሸጥ ማወዳደሪያ የለኝም። ያለ እነሱ ግን ለሽያጭ እንደማይወጣ አውቃለሁ። እናት ወይ አባት ለታመመበት፣ ከተፋታ፣ ሥራ ካጣ ሰው ጋር ቤት የምታሰናዱ ካላችሁ እንዲህ ያሉትን ፈልጉ። ፎቶ አምሮ ማውጣት የሚችል ሞልቷል።

አንድ የመጨረሻ ቅሬታ። ካርቶኖቹ ላይ የጻፉበት ማርከር ለቅቋል። «ገና» የሚለው ሁሉ ደህና ይነበባል፣ የሳሎን ዕቃ የሚለው ግን ጠፍቷል። ወንድሜ አዲሱ ቤት ከገባ ወዲህ የቴሌቪዥኑ ሪሞት የትኛው ካርቶን ውስጥ እንዳለ አልታወቀም። እየተነሳ ነው ጣቢያ የሚቀይረው።